የግሬይ ሆሎው ጣቢያ ስልክ

ባቡር እፈራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያበላኝን ነገር እፈራለሁ ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ ኬክ ተቆርሶልኝ፣ አለቃዬ ብድግ ብሎ «እንደ ለማ የሚጠነቀቅ ሠራተኛ አላየሁም» ሲል አመሰገነኝ። ስሙን አሳመረልኝ እንጂ ጥንቃቄ ያለው ፍርሃቴን ነው። ብሎን አጥብቄ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ አስበዋለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፣ እናቴ ብትኖር ደስ ይላት ነበር። ግን አብሮኝ የተወለደ ፍርሃት አይደለም። ፍርሃቱ የያዘኝ፣ ሰው በማይኖርባት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ውስጥ ነው። ልጆቼ ታሪኩን የሚያውቁት በቁራጭ በቁራጩ ስለሆነ ሙሉውን ልጻፈው።

አትላንታ የገባሁት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያ ሁለት፣ ከሱዳን በስደት ነው። ወረቀት የምትሞላልን ሴት «አገርህ ምን ትሠራ ነበር?» ብትለኝ፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጆንያ አወርድ ነበር አልኳት። እሷ «የባቡር ባለሙያ» ብላ ጻፈችው። ላርማት ፈልጌ ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ደክሞ፣ ፈገግ እያለ እየጻፈልህ እንዴት ሰርዢው ትላለህ? በሁለት ወሩ፣ ሊቶኒያ ከምትባል ከተማ ወዲያ ካሉት የድንጋይ ካባዎች ድንጋይ የሚያመላልስ አንድ አነስተኛ የባቡር ድርጅት ባለሙያው ይምጣ ብሎ አስጠራኝ። ደመወዙ ከሰሃን አጠባ ይሻል ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይኸው ይብቃ።

ሐዲድ ጠጋኝ ሆንኩ። ክፍላችን ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ እኔና ሚስተር ሆሊስ። ሚስተር ሆሊስ ሊቶኒያ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ረጅም፣ ቀጭን ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። አባታቸውም ያንኑ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረዋል። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ አንድ ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው ሳነጋግራቸው የኖርኩት፣ አሁንም እንደዚያው እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ባለሙያ አለመሆኔን ነገርኳቸው። «መዶሻውን ስትይዝ አይቼሃለሁ እኮ» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያስተማሩኝ በጆሮ ነው። ሐዲዱን በመዶሻ መታ ያደርጉና ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ደህናው ሐዲድ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ልዩነቱን ለመለየት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። ሐዲድ አይረግጡም፤ ሁልጊዜ ተራምደውት ነው የሚሻገሩት። ሐዲድ ላይ ሲቀመጡም አይቻቸው አላውቅም። በስልክ የሚነገራቸውን ሁሉ በእርሳስ ይጽፉና ቃል በቃል መልሰው ያነቡታል፤ መጨረሻ ላይ «ልክ ነኝ?» ይላሉ። ልክ ነዎት ካልተባሉ ንቅንቅ የለም። በሙቀት ጊዜ ከምሳ በኋላ ብረቱን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ የጆርጂያ ፀሐይ ሐዲድ ታስረዝማለች፣ ብረቱም የሚሄድበት ሲያጣ ይጎብጣል።

«ሌላ ልንገርህ» አሉኝ አንድ ቀን። «በፍጥነት የሚመጣ ባቡር ከሩቅ ይሰማሃል። ድንጋይ ጭኖ ቁልቁል ቀስ ብሎ የሚወርደውን ፍራ። እሱ ድምፅ የለውም።»

ግሬይ ሆሎው የምትባለው ጣቢያ በመስመራችን መሐል፣ ጫካ ውስጥ ነበረች። አንድ ክፍል የጣውላ ቤት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ድሮ ትኬት ቆራጭም ተሳፋሪም ነበራት ይባላል። እኔ ስደርስ ሰዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ የግድግዳውን ሰዓት ሳይቀር ነቅለው ወስደው ቦታው ላይ ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል። የቀረው ስልኩ ብቻ ነው። ስልኩ በቀጥታ ዲስፓቸሯ ዘንድ ይደውላል፤ ዲስፓቸር ማለት ከተማ ቢሮ ተቀምጦ ባቡሮቹን «ሂድ፣ ቁም» የሚል ሰው ነው። በዚያ መስመር ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚባል ነገር አልነበረም። ባቡሩ የሚሄደው በዲስፓቸሯ ቃል፣ ዲስፓቸሯም የምታየው በኛ ስልክ ነው። ደንቡ ደግሞ ስልኩ ከጮኸ እዚያ የተገኘ ሰው ያንሣ ይላል። ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ ስልክ ሲጮኽ ምን እንደሚመስል ያልሰማ አያውቀውም። 

ሚስተር ሆሊስ ከመግባታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ባዶ ቤት! የመጀመሪያው ቀን ፀጉሬ ቆመ፤ የቦታው ቆሌ አለ ማለት ነው ብዬ አማተብኩ። እኔም በበኩሌ እንዳገሬ ወግ በሩ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ማለት ጀመርኩ። ከወር በኋላ ድፍረት አግኝቼ ለምን እንደሚያንኳኩ ጠየቅኳቸው።

«እባብ» አሉ። «ወለሉ ሥር ይተኛል። ቀድመህ ካንኳኳህ ይሄድልሃል። አንተስ ምንድነው የምትጮኸው?»

«ሰው ቤት ስንደርስ እንዲህ ነው የምንለው።»

«ሰው የለም እኮ።»

«ቢኖርስ ብዬ ነው።»

መዶሻቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ዲስፓቸራችን ዶና ትባላለች። ለሦስት ዓመት ያህል ድምጿን እንጂ መልኳን አላውቅም። እኔ ደግሞ ስልክ አንሥቼ እንደምን ዋልሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ሳልል ሥራ ውስጥ መግባት አይሆንልኝም። መጀመሪያ ትቆጣኝ ነበር፤ በኋላ ለመደችው፣ እንዲያውም ወደደችው መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ከካባው የሚወጣውን የድንጋይ ባቡር የሚነዳው ወንድሟ ሬይ መሆኑን ያወቅኩት በዚሁ ሰላምታ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «ወንድምሽስ ደህና ነው?» ሳልል አልቀርም። ሚስተር ሆሊስ አጠገቤ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ለማ፣ በዚህ ስልክ መጥፎው ይቅደም። መጀመሪያ ‘ቁም’ በል። ከዚያ የት እንደሆነ፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል።»

እሺ እላለሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ለምን እንዳልሆነልኝ የሚገባው ያገሬ ሰው ብቻ ነው። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ አረፉ። አትላንታ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሰምቶ እኔ አልሰማሁም። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል አሉ» ሲሉኝ ቆዩ፤ ትንሿ እያደር ከፍ እያለች መጣች። አንድ እሑድ ማለዳ አሥር ሰው አስከትለው በሬን አንኳኩ። ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ አወቅኩት። ያ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ከበው፣ ደግፈው፣ ልብህን አስለምደው ነው የሚነግሩህ።

ነገሩ የሆነው በሦስተኛው በጋችን፣ ጁላይ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ከግሬይ ሆሎው ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ኮረብታው ለሐዲዱ ተሰንጥቆለታል፤ መስመሩም እዚያ ውስጥ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሁለቱም ሐዲዶች ከቦታቸው ወጥተው ተጣመዋል። ሚስተር ሆሊስ ብረቱን ነክተው እጃቸውን ቶሎ አነሡ። ያለችንን አንዲት የማቆሚያ ቀይ ባንዲራ ከመታጠፊያው ወዲያኛው በኩል ተክለናል፤ በካባው በኩል የሚያግደው ስልኩ ብቻ ነበር። የካባው ሐዲድ ከመስመሩ ጋር የሚገናኘው ደግሞ በጣቢያውና በመታጠፊያው መካከል ነው። ሰዓታቸውን አዩ።

«ሬይ ሊወጣ ነው። ሩጥ፣ ዶናን ይቁም በላት። እኔ ብሎኑን እየመታሁ ልፍታ።»

ሮጥኩ። ጣቢያው ስደርስ አላንኳኳሁም፣ ቤቶችም አላልኩም። ስልኩን ሳነሣ ዶና ቀደመችኝ።

«ለማ፣ ዛሬ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ» አለች እየሳቀች። «ወንድሜ ደህና ነው። አሁን ልለቀው ነው።»

 በዓይኔ የታየኝ ሐዲዱ አይደለም። ያቺ ሳቂታ ልጅ ብቻዋን ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ፣ ደጋፊ ሳይኖራት፣ የወንድሟን ነገር በስልክ ስትሰማ ነው የታየኝ።

«ዶና፣ አይዞሽ» አልኳት። «ሐዲዱ ላይ ትንሽ ችግር አለች። ትንሽ ናት። ሬይ ቀስ ቢል ጥሩ ነው።»

«ቀስ ብሎ ይለፍ ነው የምትለው?»

«አዎ፣ አይዞሽ፣ ቀስ ይበል…»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ትንሽ ብዬ ጀምሬ፣ ከፍ አድርጌ፣ ከዚያ ዋናውን ልነግራት ነበር። ጋሽ ታደሰ ሁለት ሳምንት ነበራቸው። እኔ ሁለት ደቂቃ አልነበረኝም። መልሼ ደወልኩ፤ አልተነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ከወንድሟ ጋር በሬዲዮ እየተነጋገረች ነበር።

ስልኩን ጥዬ ወጣሁ። የካባው ሐዲድ ጋ ስደርስ ባቡሩ ወጥቶ፣ ታጥፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ኮረብታው እየወረደ ነው። የሰው ሩጫ ያህል ነው የሚሄደው። እንዳሉት ነው፣ ድምፅ የለውም። ድንጋይ የተሸከመ ፉርጎ ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። በጎኑ እየሮጥኩ ጮኽኩ፤ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ አላውቅም። ሞተሩ ከፊት በጣም ሩቅ ነበር። ከኮረብታው ውስጥ የሚስተር ሆሊስ መዶሻ ይሰማኛል፤ ታ… ታ… ታ…። መዶሻው እስከተሰማኝ ድረስ ደህና ናቸው እያልኩ ሮጥኩ። ባቡር እንዲቆም የላከኝ ሰው ባቡሩ ቆሟል ብሎ አምኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ እየመታ ነው።

ከዚያ መዶሻው ቆመ።

ሬይ መታጠፊያው ውስጥ ሲገባ አይቷቸው ፍሬን ይዟል። ያን ያህል ድንጋይ የጫነ ነገር ግን በቀስታም ቢሆን ወዲያው አይቆምም። ሚስተር ሆሊስ በመጨረሻው ሰዓት ዘለሉ፤ ግራ እግራቸው አልተከተላቸውም። ስደርስ ሬይ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ በቀበቶው እግራቸውን እያሰረ ነበር። ሚስተር ሆሊስ ነቅተው ነበር። ቀና ብለው እኔን አዩና «አልሰማችህም?» አሉኝ።  አምቡላንሱ እስኪመጣ እጃቸውን ይዤ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

በሳምንቱ ምርመራ ተደረገ። ዶናን መጀመሪያ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ አጭር፣ ቀይ ፀጉር ያላት፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ። «ትንሽ ነው፣ ቀስ ይበል አለኝ» አለች። እኔን ጠየቁኝ።

«ሐዲዱ ላይ ችግር አለ አልኳት» አልኩ።

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። የኔን እንግሊዝኛ ለማጣራት ማን ይቸገራል፣ ዲስፓቸሯ ደግማ መጠየቅ ነበረባት ተባለና ዶና ከሥራ ታገደች። ከክፍሉ ስትወጣ አየችኝ። ልትቆጣኝ አልቻለችም፤ ግራ ነበር የገባት። ያንን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም።

ለባለቤቴ ለጽጌ የነገርኳት በዚያው ቀን ነው። የነርስ ረዳት ሆና ነው የምትሠራው፤ ከሥራ መጥታ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም።

«ፋየር ያደርጉሃል፤ ሥራህን ታጣለህ» አለችኝ። «ግሪን ካርዳችን ፕሮሰስ ላይ ነው፣ ለማ። ፖሊስ ኬስ ቢያደርጉትስ?»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«በቃ ዝም በል። እግዜር ያመጣው ነው።»

ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። በዚያ ላይ ግሬይ ሆሎው ብቻዬን ተመደብኩ። ስልኩን ሳነሣ የማላውቀው ወንድ ድምፅ «ስም፣ ቦታ» ይላል። ሬይ ሥራ መልቀቁን የሰማሁት ከእሱ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቤቶች ማለት አቃተኝ፤ የሚመልስልኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። ሆስፒታል አልሄድኩም። ሚስተር ሆሊስ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል ሲባልም አልሄድኩም። ለሐበሻ የታመመ አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺን «አልሰማችህም?» የምትለዋን ጥያቄ ደግመው እንዳይጠይቁኝ ነበር የምሸሻቸው።

አንድ ቀን ጽጌ ሳህኔን አየች፤ ምግቡ እንዳለ ነው።

«ሦስት ሳምንትህ ነው እንዲህ» አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሂድ ንገራቸው።»

«ፋየር ቢያደርጉኝስ?»

«ቀንም ሌሊትም ዳብል ሺፍት እሠራለሁ። ሂድ፣ ለማ፣ በናትህ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።»

በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ያልኩትን ቃል በቃል ተናገርኩ፤ አጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ሦስት ወር ታገድኩ። ዶና ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ በኋላ አብረን ብዙ ዓመት ሠራን። ነገር ግን ስለ ወንድሟ ጠይቄያት አላውቅም። ሬይ ሎረንስቪል ሄዶ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ባቡር ዳግመኛ አልነዳም። ግሪን ካርዱም በጊዜው መጣ። ከእገዳው ስመለስ ኖርክሮስ አካባቢ መኪናና ባቡር የሚተላለፉባቸውን መሻገሪያዎች ስጠብቅ ቆየሁ፤ ከዚያ ለኛም የእጅ ሬዲዮ መጣ፣ አለቆች ተቀያየሩ፣ የጣቢያው ስልክ ተነቅሎ ቤቷም ፈረሰች። ከኔ በኋላ ለገቡት ሠራተኞች ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ አንድ ነበር፤ መጥፎው ይቅደም።

ግን ያ ሁሉ በኋላ ነው። ቢሮ ፈርሜ በወጣሁበት ዕለት የቀረኝ አንድ ቦታ ነበር። መኪናዬን ሊቶኒያ፣ ሚስተር ሆሊስ ደጅ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ብዙ ተቀመጥኩ። ከፖሊሱም፣ ከእገዳውም፣ ከግሪን ካርዱም ይልቅ የፈራሁት ያንን በር ነው። ወርጄ አንድ ጊዜ አንኳኳሁ።

«ክፍት ነው» አሉ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። የሱሪያቸው ግራ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ክራንቹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እንደምን ዋሉ ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት።

«ሚስተር ሆሊስ፣ ይቁም አላልኳትም። ትንሽ ነው፣ ቀስ ይበል ነው ያልኳት። እግርዎን ያሳጣሁዎ እኔ ነኝ።»

ፊታቸው አልተለወጠም። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ አንዲት መኪና አለፈች።

«የት ሆነህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ግሬይ ሆሎው። ስልኩ ላይ።»

«ለምን?»

ስለ መርዶ፣ ስለ ጋሽ ታደሰ፣ ስለ አባቴ ልነግራቸው መንገዱን ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ።

«ፈርቼ» አልኩ።

ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ፣ እርሳስ እንደያዘ ሰው ተንቀሳቀሰ። «ይቁም አላልኳትም። ግሬይ ሆሎው፣ ስልኩ ላይ። ፈርቼ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት።»

 ውጣልኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሉኝም እውነታቸውን ነበር።

«እንግዲህ ውጣ» አሉኝ። «ውጣና እንደ ሰው ግባ።»

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁና «ቤቶች!» አልኩ።

 ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ከውስጥ የክራንቹን ድምፅ ወለሉ ላይ ሰማሁት፤ ታ… ታ… ታ… እያለ ወደ በሩ ሲመጣ።